የስድስት ኪሎ አናብስትና የቤታቸው ታሪክ

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ አደባባይ አጠገብ ያደገ ሰው ንጋትን የሚለየው በሰዓት መቍጠሪያ አልነበረም፤ ከየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የካህናት ዜማ ገና ሳይፈጸም፣ ከእንጦጦ የሚወርደውም ብርድ የመስኮቱን መስተዋት ሳይለቅ፣ ከአንድ ግንብ አጥር በስተጀርባ ግሣት ይነሣና፣ እርሱን ሌላው፣ ሌላውንም ሦስተኛው ተቀብሎት፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገብ ነበር። ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣው ተማሪ በመጀመሪያው ሌሊት ከአልጋው ላይ ዘሎ ሲነሣ፣ የሰፈሩ ተወላጅ ግን «አንበሶቹ ናቸው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና ይተኛል።

እኔ ወደ አንበሳ ግቢ መጀመሪያ የገባሁት በትንሣኤ ሰሞን አክስቴ እጄን ይዛ ስትወስደኝ ነው። ከዚያ ቀን በልቡናዬ ተቀርጾ የቀረው የአንበሳው ግርማ አይደለም፤ አንበሳውስ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ጎፈሩን በሲሚንቶው ወለል ላይ አንጥፎ ተኝቶ ነበር። የማስታውሰው በዙሪያው የቆመውን ሕዝብ ነው፤ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንትም ከዘራቸውን በብረቱ ላይ እያንኳኩ «ተነሥ እንጂ! ከፍለን ገብተናል እኮ» ይሉት ነበር። አክስቴ «ይተዉት አባቴ፣ ደክሞት ይሆናል» ብትላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ንጉሥ በሕዝብ ፊት ይተኛል እንዴ?» ብለው መለሱላት። ይህ የአዛውንቱ ጥያቄ በዚያን ጊዜ ያሳቀኝ ቢሆንም፣ ኋላ ስለ አራዊት አያያዝ ታሪክ ማንበብ በጀመርሁ ጊዜ ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር፤ የአንበሳ ቤት በየዘመኑ ሲሠራ፣ ሲፈርስና ሲታደስ የኖረው በውስጡ ለሚያድረው ሳይሆን በውጭ ቆሞ ለሚያየው እንደ ነበረ ካነበብሁት ሁሉ ተረድቻለሁና።

አራዊትን ከዱር አምጥቶ በቅጥር ውስጥ ማኖር በአገራችን የትናንት ሥራ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ የአክሱም መንግሥት በገነነበት ዘመን፣ ኮስማስ ኢንዲኮፕለውስጤስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ያየውን ሲጽፍ፣ በንጉሡ ትእዛዝ ከግልገልነታቸው ተይዘው የተገሩ አንድ ሁለት ቀጭኔዎች በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለንጉሡ መደሰቻ ይታዩ እንደ ነበረ ይናገራል። ወተት ወይም ውኃ በሳሕን በቀረበላቸው ጊዜ፣ እግራቸው ረጅም፣ አንገታቸውም ከምድር እጅግ የራቀ ስለ ሆነ፣ የፊት እግሮቻቸውን ግራና ቀኝ ካልከፈቱ በቀር ለመጠጣት እንዳልቻሉ ጭምር ይገልጻል፤ ይህን የመሰለው ነገር በወሬ የሚደረስበት አይደለምና ሰውየው አጠገባቸው ቆሞ እንዳየ ያስታውቃል። ስለ አውራሪስ ሲናገር ግን ጠንቃቃ ነው፤ ሕያውን ያየው ከሩቅ ቆሞ ሲሆን፣ ከቅርብ ያየው የሞተውን፣ ይኸውም ቆዳው ገለባ ተሞልቶ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቆመውን ነበረ። አንባቢ ይህን ገለባ ልብ ይበልልኝ፤ ከ1,400 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ገና ይመጣልና።

ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውጭ የነበረው ሕዝብ በዓይነ ልቡናው የሚያየው አንበሳ ግን ሌላ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ የመቅደስ ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲጸልዩ፣ ስልሳው አናብስትና ስልሳው አናምርት በግራና በቀኛቸው ይቆማሉ፤ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባም በአንበሳ ጀርባ ላይ ተቀምጠው እንደ በቅሎ ሲጋልቡት ይታያሉ። በእነዚህ ሥዕላት ውስጥ አጥር የሣለ ሠዓሊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በሰው እጅ የተማሰ የአንበሳ ማደሪያ ቢኖር ነቢዩ ዳንኤል የተጣለበት ጕድጓድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የአንበሳ ቤት ከመባል ይልቅ የፍርድ ቤት ቢባል ይሻላል። እንግዲህ በአንድ አገር ሁለት ዓይነት አንበሳ ኖሯል ማለት ነው፤ አንዱ በጻድቅ ፊት በፈቃዱ የሚሰግድ፣ ሁለተኛው በንጉሥ ፊት በሰንሰለት የሚቆም።

ይህ ሁለተኛው በሥርዓተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረው ስፍራ እንደ ነጋሪትና እንደ ድባብ ያለ ነው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ስም በማኅተሙ ላይ የተቀረጸለት ንጉሥ፣ ስሙን በሥጋና በጅማት የሚመሰክርለት አውሬ በደጁ ቢያስር የሚያስደንቅ አይደለም። በጎንደር ፋሲል ግቢ፣ ከአብያተ መንግሥታቱ መካከል፣ የአንበሳ ቤት ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስም የውጭ አገር መልእክተኞችን በአናብስት ተከበው ይቀበሉ እንደ ነበረ፣ በዘመኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፈረንሳዊው ቆንስል ለዣን ካሳተመው ሥዕል ጋራ በአውሮፓ ተሰምቷል። አንበሳው በዚህ ጊዜ ትዕይንት አልነበረም፤ ሹም ነበረ ለማለት ያስደፍራል። የተገራ ስለ ነበረም ከሹማምንቱ ብዙዎቹ ይልቅ ሳይታመን አይቀርም።

ከዚህ ከሹመት ቀጥሎ ሁለተኛው የአራዊት ሥራ ገጸ በረከትነት ነው። በ1621 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ምድር የሄደ አንድ የሜዳ አህያ በህንዱ ሞጎል ንጉሥ በጃሀንጊር ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጕርጕሩን ያዩ ሰዎች በቀለም የተቀባ መስሏቸው ነበረ፤ ንጉሡም ነገሩ ተመርምሮ የፈጣሪ ሥራ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ከታሪኩ መጽሐፍ አስገባው፣ ማንሱር የተባለውም የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ሣለው፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። ከዚህ ከ260 ዓመት ያህል በኋላ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እንዲሁ አንድ የሜዳ አህያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚደንት ለዡል ግሬቪ ቢልኩለት፣ ኡስታሌ የተባለ የሥነ ፍጥረት ሊቅ በ1882 እ.ኤ.አ. መርምሮ ከቀሩት የሜዳ አህዮች የተለየ ወገን ሆኖ ስላገኘው «የግሬቪ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ለሰጪው ሳይሆን ለተቀባዩ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ እንስሳው የአፋርና የቦረና ሜዳ ተወላጅ ሲሆን በዓለም መጻሕፍት ሁሉ የአንድ የፓሪስ ጠበቃ ስም ይዞ ይኖራል። ሌላው ወንድሙ ደግሞ በ1904 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ ለፕሬዚደንት ሩዝቬልት ተሰጥቶ በዋሽንግተን መካነ አራዊት ገባ፤ አሜሪካኖቹም በከንቱ አላስቀመጡትም፣ ከፈረስና ከአህያ ጋራ አዳቅለው ጠንካራ የጭነት እንስሳ ለማግኘት ሞከሩበት።

በዚያው ዘመን ገደማ ከነገሥታቱ ስጦታ ይልቅ የነጋዴው እጅ በረታ። ከከሰላ እስከ ተከዜ ተፋሰስ ያለው ቆላ የአውሮፓ አራዊት ነጋዴዎች ጎተራ ሆነ፤ ሎሬንሶ ካሳኖቫ የተባለ ጣሊያናዊ በ1870 እ.ኤ.አ. ከዚያ ያመጣቸውን ዝሆኖችና ቀጭኔዎች፣ አናብስትና ሰጎኖች ይዞ ስዊዝ ላይ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ የሐምቡርጉ ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ ሄዶ ተረከበው። ከቅፍለቱ ጋራ እጅግ ብዙ ፍየሎች ይነዱ ነበር፤ ወተታቸው ለግልገሎቹ፣ ወተታቸው ሲደርቅም ሥጋቸው ለአናብስቱ። ይኸው ሐገንቤክ ነው በ1907 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ አጠገብ በስቴሊንገን በከፈተው መናፈሻ የብረት ፍርግርግን አስቀርቶ አንበሳን ከሰው በጥልቅ ቦይ የለየው። አንበሳ ቆሞና ተንደርድሮ የሚዘልለውን ርቀት አስቀድሞ በሙከራ አውቆ፣ ቦዩንም በዚያ ልክ አስቆፍሮ፣ ከተመልካቹ ዓይን እንዲሰወር አደረገው፤ ከዚህም የተነሣ ከፊት ያለው ሜዳ፣ ከኋላ ያለው የሲሚንቶ ቋጥኝና በመካከል የተኛው አንበሳ አንድ የተያያዘ የበረሃ ሥዕል መስለው ይታዩ ነበር። ብዙ የዓለም አራዊት ማኖሪያዎችም ይህን አይተው ቀስ በቀስ ተለወጡ። ሆኖም ቦዩ በቅድሚያ ያሻሻለው የተመልካቹን ዓይን ነው፤ ብረቱን ያነሣው ለእርሱ እንጂ ለአንበሳው አልነበረምና።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ እንመለስ። አንበሳ ግቢ የተመሠረተው በ1940 ዓ.ም.፣ ከጣሊያን ወረራ ነጻ በወጣን በሰባተኛው ዓመት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ሰባት ሲሆኑ፣ አምስቱ ወንዶች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ የተያዙትም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዱር እንደ ሆነ ይነገራል። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ይኖሩበት የነበረው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከመንገዱ ማዶ ነበረና፣ አንበሳው ከጌታው ደጅ ሳይርቅ ወደ ሕዝብ ደጅ ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ እርምጃ የሚመስለው ይህ ነገር፣ ሲመረመር በአንበሳው ኑሮ ላይ ከአክሱም ወዲህ ያልታየ ለውጥ ነበረ፤ ከዚህ በፊት አንበሳ ለማየት በቤተ መንግሥት ጉዳይ ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ጥቂት ሳንቲም ያለው ሁሉ፣ ጭሰኛውም ወታደሩም የአሻሮ ነጋዴዋም፣ ገብቶ ፊት ለፊት ሊያየው ቻለ።

ቤቱ ግን አሳቡን ተከትሎ አልተለወጠም። ጠባብ ክፍል፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ወፍራም የብረት ፍርግርግ፤ ለጥበቃ የሚመች፣ ለማጽዳት የሚቀል፣ ለማየት የሚቀርብ ነው። በዚያን ዘመን በአውሮፓም ብዙው የአንበሳ ቤት እንዲሁ ስለ ነበረ የሠሩትን መሐንዲሶች ለመንቀፍ አልደፍርም። ነገር ግን ሐገንቤክ ፍርግርጉን ካነሣ 40 ዓመት አልፎ፣ እኛ ገና ፍርግርግ ስንተክል መገኘታችን እውነት ነው። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ አንበሳው ትእምርት ስለ ነበረ፣ ትእምርት ደግሞ በቅርብና በጉልህ መታየት ስላለበት፣ ከዛፍ ጥላ በስተኋላ የሚሰወር አንበሳ ለመንግሥቱ ምን ይረባው ነበር?

ትእምርቱ የተተከለለት ዘመን ሲያልፍ በዚያው አጥር ዙሪያ ሁሉ ነገር ተለዋወጠ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከሆነው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠና የአናብስቱ ጎረቤት ንጉሥ መሆኑ ቀርቶ ተማሪ ሆነ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ዘውድ የጫነው አንበሳ ከሰንደቅ ዓላማው ላይ ተነሣ። አዲሱ መንግሥት ሳንቲም ባሳተመ ጊዜ ግን የንጉሡን መልክ አንሥቶ በስፍራው የተካው የአንበሳ ራስ ነበረ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው ያ ሳንቲም ዛሬም ከኪሳችን አለ። ሥዕሉ ይህን ያህል ሲከበር፣ ሥጋው በስድስት ኪሎ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ በማዘጋጃ ቤት በጀት ይመገብ ነበር። የአንበሳ ነገር ሁዳዴ ሲገባ ይብስ ይከብዳል፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ አገሩ በሽሮ ሲያድር፣ አንበሳ ብቻ አይጾምም።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. በዓለም ጋዜጦች የወጣው ወሬ ከዚህ ችግር የመጣ ነው። ቦታው ጠብቦ፣ ገንዘቡም አንሶ፣ የሚወለዱትን ደቦሎች ማሳደግ ስላልተቻለ፣ በመርዝ ተገድለው ሬሳቸው የአራዊትን ቆዳ ሞልተው ለሚሸጡ ሰዎች ይሰጥ እንደ ነበረ በይፋ ተነገረ። አንባቢን በአክሱም ልብ ይበልልኝ ያልሁት ገለባ ይኸውና ተመልሶ መጣ። የኮስማስ ዘመን ንጉሥ የሞተውን አውራሪስ ያቆመው ሕያውን ማቅረብ ስላልተቻለ ይሆናል፤ እኛ ግን ሕያው እያለን በቁሙ ለመቀለብ ስላቃተን ገለባ ሞላንበት። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ የጠባቂዎቹን ጭካኔ ወቀሰ። እኔ ግን ወቀሳው ወደ ቤቱ አሠራር ቢያዘነብል ይሻል ነበር እላለሁ፤ ሰባት አናብስት ለማሳየት የተሠራ ግቢ፣ አናብስት እንደሚዋለዱ አስቀድሞ አላሰበምና። በግቢው ሥዕል ውስጥ ለደቦል የተተወ ቦታ አልነበረም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ ያልታሰበ መልክ ያዘ። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ ያሉ ሊቃውንት፣ በእንግሊዝ አገር ከዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፣ በግቢው ከነበሩት 20 አናብስት የ15ቱን የዘር ቅንጣት መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአዲስ አበባ አናብስት አስቀድሞ ከተመረመሩት የአፍሪካ አናብስት ሁሉ የተለዩ ሆነው መገኘታቸውን ገለጹ። ወንዶቹ ከራስና ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ ጥቁር ጎፈር እንዳላቸው ማንም በዓይኑ ያያል፤ ጥናቱ ግን ከጠጕሩ ሥር ያለውን አየ። በዚህም ጥናት ምክንያት ትናንት ለመመገብ ከባድ የሆነው አንበሳ፣ ዛሬ ጠፍቶ የማይተካ የዘር ማኅደር ተባለ።

ስለ ጎፈሩ ግን አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች በታንዛንያ ሰረንጌቲ ሜዳ፣ ልዩ ልዩ ጎፈር ያላቸው የአንበሳ ቁመት ያላቸውን አሻንጕሊቶች አቁመው ሕያዋኑ አናብስት የሚያደርጉትን ቢመለከቱ፣ እንስቶቹ ጥቁር ጎፈር ወዳለው ሲያዘነብሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ ረጅም ጎፈር ያለውን ሲፈሩ አገኙ፤ ከዚህም ጋራ ጎፈር በሙቀት አገር እንደሚሳሳና እንደሚነጣ፣ በብርድ አገር እንደሚጠቍርና እንደሚበዛ አረጋገጡ። (አሁንም የተሞላ አንበሳ! የአንበሳን ነገር ለማወቅ የፈለገ ሁሉ ከገለባው ሳይገናኝ አይቀርም መሰለኝ።) እንግዲህ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፣ የጎፈሩ ክብደት ከአባት የተወረሰ ነው ወይስ የእንጦጦ ውርጭ ያለበሰው ጋቢ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዘሩ ልዩነት በምርመራ ስለ ታወቀ ጥያቄው ጥናቱን አያፈርሰውም፤ ነገር ግን በጎፈሩ ብቻ የምንመካውን ሰዎች ትንሽ ትሕትና ያስተምረናል።

የወደፊቱ ዕቅድ የመጣው ከዚህ ነው። አዲስ አበባና ላይፕዚግ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እኅትማማች ከተሞች ናቸው፤ ላይፕዚግ ደግሞ በአንበሳ ነገር ተራ ከተማ አይደለችም፤ በአርማዋ ላይ አንበሳ አለ፤ ኤርንስት ፒንከርት በ1878 እ.ኤ.አ. የከፈተው መካነ አራዊቷም ከመሥራቹ ዘመን ጀምሮ ከ2,000 በላይ አናብስት ተወልደውበት፣ የአንበሳ ፋብሪካ እስከ መባል ደርሷል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ያች ከተማ ራሷ የድሮ ቤቶቿን አይታ አፈረች፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጠባቡን ፍርግርግ እያፈረሰች ለእንስሳቱ ሰፊ ሜዳ ወደ መሥራት ተመለሰች። ከዚህ ልምድ የተቀዳው ምክር ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣው፤ አሳቡም አናብስቱን ከስድስት ኪሎ አንሥቶ፣ በፒኮክ መናፈሻ በኩል ሰፊ ቦታ ላይ አዲስ መካነ አራዊት መሥራት ነው። ጥናቱን ከጻፉት አንዱም የላይፕዚግ መካነ አራዊት አስተዳዳሪ ዮርግ ዩንሆልድ ስለ ነበሩ፣ የዘሩ ምርመራና የቤቱ ንድፍ ከአንድ ጠረጴዛ የተነሡ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ አሳብ ገና በመነጋገሪያ ላይ ሳለ ሌሎች ሁለት ቦታዎች በተግባር ቀደሙ። አንደኛው በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቋመው እንሰሳ ኮቴ ነው፤ በ77 ሄክታር መሬት ላይ፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴና ከሰንሰለት የተረፉ አናብስትና አቦሸማኔዎች ይኖሩበታል። የዚህ ቦታ ዓላማ ማዳን ስለ ሆነ፣ ማሳየት እንደ ሁለተኛ ነገር ይታያል። ሁለተኛው በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ከእልፍኙና ከግብር አዳራሹ ጋራ ጥቁር ጎፈር አናብስት ለጎብኚ ይታያሉ። በ1940 ዓ.ም. አንበሳው ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ ወጥቶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አንበሳው ተመልሶ ገባና ሕዝቡ ተከትሎት ቤተ መንግሥት ገባ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከቀልደኛ ደራሲ የተሻለ ትቀልዳለች።

የአዲሱ ንድፍ ከባድ ነገር ገንዘብ አይመስለኝም፤ ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ይገኛል። ከባዱ ነገር፣ አንበሳው መሸሸጊያ ይኑረው ከተባለ፣ ጎብኚው ከቦሌም ከኮልፌም ልጆቹን ይዞ፣ ታክሲ ከፍሎ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ አንበሳውን ሳያይ ሊመለስ ይችላል ማለት መሆኑ ነው። አንበሳ በተፈጥሮው በቀን ከ24 ሰዓት እስከ 20 ያህሉን የሚያርፍ ፍጥረት ነው፤ ይህን ያህል የሚተኛውን ፍጥረት በሚተኛበት ሰዓት ሰው ካላየው ቦታ ለማስተኛት መፍቀድ፣ ከአክሱም ጀምሮ በማንኛውም የአንበሳ ቤት ንድፍ ውስጥ ያልተጻፈ አንቀጽ ነው። ጥላ ያለው ዛፍ፣ ከፍ ያለ ድንጋይ፣ እንስት ከደቦሎቿ ጋራ የምትለይበት ጓዳ፣ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ የሚውሉበት ግድግዳ፣ እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ናቸው፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ግን በበሩ ላይ «ዛሬ አንበሳው ላይታይ ይችላል» የሚል ሰሌዳ ለመስቀል የሚደፍር አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። ሰሌዳውንም በመልካም አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከተገኘ ግማሹ ጠብ ይቀንሳል።

የቀረው ነገር አሮጌው ቤት ነው። አናብስቱ አንድ ቀን በሙሉ ከስድስት ኪሎ ቢነሡ፣ ፍርግርጉ ለብረታ ብረት ነጋዴ ይሸጥ፣ ቦታውም ሌላ ሕንጻ ይሠራበት ማለት ለሒሳብ ሹም ቀላል መልስ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሁሉም ቢፈርስ አንዱ ክፍል እንዳለ ቢቆይ መልካም ነበር፤ ወለሉ ሳይለሰን፣ ብረቱ ሳይቀባ፣ በሩ ብቻ ተከፍቶ፣ የፈለገ ሕፃን ገብቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእግሩ እንዲለካው፣ ከውስጥ ሆኖም በውጭ የቆመውን ሰው እንዲያየው። ይህን አሳቤን ባለፈው በዓል ለአክስቴ ብነግራት፣ እርጅና ዓይኗን እንጂ ቀልዷን አልነካባትምና፣ ቡናዋን አስቀምጣ «እንግዲያውስ አንተ ቅደምና ገብተህ ተኛ፤ እኔ ከዘራ ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ።